ሳይቈጥሩ አይለምኑ

ለልጆችና ለወጣቶች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሚደረግ አገልግሎት የገንዘብ ድጋፍ ስለማግኘት የተዘጋጀ ጥናት

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ነህምያ ምዕራፍ 1 እና 2፤ ዕዝራ 8፥24-34፤ ሉቃስ 14፥28-30፤ 2 ቆሮንቶስ 8፥16-21



በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲያትል፣ በዳላስና በሌሎችም ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የሥራ ሰዓታቸው ከልጆቻቸው የትምህርት ሰዓት ጋር አይገጥምም። ትምህርት ቤቱ በእኛ ሰዓት አቈጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልጆቹን ይለቃል። ታክሲ የሚነዳው አባት፣ በአረጋውያን መጦሪያ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ የምትሠራው እናት ግን ወደ ቤት የሚገቡት ከመሸ ነው። በመካከል ያሉትን ሦስትና አራት ሰዓታት ልጁ ከማን ጋር ያሳልፋል? የቤት ሥራውንስ ማን ያሳየዋል? የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር የወጣቶች ጉዳይ ክፍል ያወጣቸው ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ በትምህርት ቀናት ወጣቶች የሚፈጽሙት የኃይል ወንጀል ከፍ የሚለው ልክ ከትምህርት ቤት እንደወጡ ባሉት ሰዓታት ነው።

በሌላ በኩል በእነዚሁ ከተሞች ያሉ ብዙ ጉባኤዎች ከእሑድ እስከ እሑድ ተዘግቶ የሚውል አዳራሽ አላቸው። ይህን የተረዱ ሽማግሌዎችና የፕሮጀክት ሠራተኞች ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ይኸውም፣ «ልጆቹን ሰብስበን ለማስጠናት ገንዘቡን ከየት እናግኝ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ለጋሹ ከመፈለጉ በፊት ሊቈጠሩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ይህ ጥናት እነዚህን በየተራ ያቀርባል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

፩. ነህምያ ንጉሡን ከመለመኑ በፊት

ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ከወንድሙ ከአናኒ የሰማው በካሴሉ ወር ነበር። በንጉሡ ፊት ልመናውን ያቀረበው ግን በኒሳን ወር ነው። በሁለቱ መካከል አራት ወራት ያህል አለፉ። በእነዚህ ወራት ያዘነ፣ የጾመና የጸለየ ሰው፣ ንጉሡ «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ መልሱን አልተደናገረም። ለስንት ጊዜ እንደሚሄድ ቀጠሮ ሰጠ። በወንዝ ማዶ ላሉት ገዦች የሚጻፍ ደብዳቤ ለመነ። ለበሮቹና ለቅጥሩ እንጨት እንዲሰጠው የዱር ጠባቂው አሳፍ በስም ተጠርቶ እንዲታዘዝለት ጠየቀ። ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜም ሕዝቡን «ኑ እንሥራ» ከማለቱ በፊት ጥቂት ሰዎች ይዞ በሌሊት ተነሣና የፈረሰውን ሁሉ በዓይኑ ተመለከተ።

ከዚህ የምንማረው ጸሎትና ቈጠራ የሚጻረሩ ነገሮች አለመሆናቸውን ነው። በእግዚአብሔር መታመን ያለበት ሰው ስሌቱን ለመሥራት አይሰንፍም። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ ስለ ወደደውና አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ስላልቈጠረው ሰው ሲናገር ይህንኑ አስተምሮናል።

፪. ልጆቹን ቍጠሩ

የድጋፍ ገንዘብ፣ ማለት በተለምዶ ግራንት የሚባለው፣ የሚሰጠው ለአንድ የታወቀ ችግር ነው። «የልጆቻችን ነገር ያሳስበናል» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም ለጋሹን አንድም ነገር አያስረዳውም። «ከጉባኤያችንና ከአካባቢያችን 25 ልጆች አሉ፤ ከእነዚህ 14ቱ ከትምህርት በኋላ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይቈያሉ፤ 9ኙ እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ናቸው» የሚለው ግን ያስረዳዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ገጽ መጠይቅ አዘጋጅታችሁ ወላጆችን ጠይቁ፤ የልጁን ዕድሜ፣ ክፍልና ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት በኋላ ማን እንደሚጠብቀው፣ በየትኛው ትምህርት እንደሚቸገር አስሞሉ። የራሳችሁን ምእመናን ልጆች ብቻ አትቍጠሩ። የጎረቤቱ ልጅ፣ ከየትም አገር የመጣ ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ብቻውን ነው።

ቀጥሎ ልጆቹ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ርእሰ መምህሩን አነጋግሩ። ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው፣ ከተማሪዎቹ ከመቶ ስንቱ በነጻ ወይም በቅናሽ ዋጋ ምሳ ለማግኘት ብቁ ናቸው የሚለው ነው፤ ይህ ቍጥር ብዙ የድጋፍ በሮችን ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ሁለተኛው፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ጎደለ የሚለው ምን እንደሆነ ነው። እናንተ የሙዚቃ ትምህርት ልትሰጡ አስባችሁ ትምህርት ቤቱ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ማንበብ እንደተሳናቸው ሊነግራችሁ ይችላል።

የልጁን ውጤትና የቀሪ ቀናቱን ብዛት ከትምህርት ቤቱ ለማየት የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ማስፈለጉን አትርሱ። በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያለዚያ ትምህርት ቤቱ መዝገቡን እንዳይሰጥ በአጠቃላይ ይከለክላል። ፈቃዱን በምዝገባው ቀን ማስፈረም ቀላል ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲደርስ ወላጆችን አንድ በአንድ መፈለግ ግን እጅግ አድካሚ ነው።

፫. በእጃችሁ ያለውን ቍጠሩ

እግዚአብሔር ሙሴን በመጀመሪያ የጠየቀው በእጁ ስላለው ነገር ነበር። በእናንተም እጅ ያለውን ጻፉ። አዳራሹ፣ ወጥ ቤቱ፣ ወንበሩ፣ ሒሳብ የሚያስጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ አማርኛ ፊደል የሚያስተምሩ አባት፣ ሁሉም በመዝገብ ይግቡ። በገንዘብ ተተምነው የእናንተ ድርሻ ተብለው በማመልከቻው ውስጥ ሊገቡ ይችላሉና።

ከዚህ ጋር የሕግና የአስተዳደር ወረቀቶች ይመርመሩ፦

ሀ. ከአገሪቱ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት የተሰጠ የአሠሪ መለያ ቍጥር፤

ለ. ከግብር ነጻ የመሆን ማረጋገጫ። ቤተ ክርስቲያን በሕግ ክፍል 501 ሲ 3 መሠረት ማመልከቻ ሳታቀርብም ከግብር ነጻ ናት፤ ይሁን እንጂ ብዙ ለጋሾች ደብዳቤውን ማየት ስለሚፈልጉ ብዙ ጉባኤዎች አመልክተው ይወስዱታል። ደብዳቤው ከሌላችሁ፣ ደብዳቤው ያለውና የሒሳብ ኃላፊነቱን የሚወስድላችሁ ሌላ ድርጅት ፈልጉ፤

ሐ. የመተዳደሪያ ደንብ፣ የቦርድ አባላት ዝርዝርና የቃለ ጉባኤ መዝገብ፤

መ. ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል የተለየ የባንክ ሒሳብና ሁለት ፈራሚዎች፤

ሠ. የልጆች ደኅንነት ደንብ። ከልጆች ጋር የሚሠራ ሁሉ፣ በነጻ የሚያገለግለውም ጭምር፣ የወንጀል መዝገቡ ይጣራ፤ አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይቀመጥ፤ የኃላፊነት መድን ይገባ።

እነዚህ ሲሟሉ ገንዘብ ሳትጠብቁ በትንሹ ጀምሩ። ስምንት ልጆችን በሳምንት ሁለት ቀን በጉባኤው መባ ለሦስት ወር ያስጠና ቡድን፣ በየቀኑ የተፈረመበት የመገኛ መዝገብ በእጁ ይኖረዋል። ያ መዝገብ ለለጋሹ ከብዙ ገጽ ንግግር ይበልጣል።

በዚህ አገር ይህ አገልግሎት በትንሽ ተጀምሮ እንዳደገ ታሪክ ይመሰክራል። በ1935 በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ ፍራንክ ማንሊ የተባለ የስፖርት መምህር፣ የትምህርት ቤቶች በር ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተዘግቶ ልጆች በጎዳና መዋላቸው አሳስቦት ሐሳቡን ለባለጸጋው ለቻርልስ ስቱዋርት ሞት አቀረበ። ሞት 6,000 ዶላር ሰጠ፤ አምስት ትምህርት ቤቶችም ተከፈቱ። በስሙ የተጠራው ፋውንዴሽን ዛሬም ይህን ዓይነት ሥራ ይደግፋል።

፬. ወጪውን ቍጠሩ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 25 ልጆች፣ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት፣ ለ36 የትምህርት ሳምንታት ይሰበሰባሉ እንበል። ይህ 144 ቀን ይሆናል። ክፍያው እንደየከተማው ቢለያይም ስሌቱ የሚከተለውን ይመስላል፦

ሁለት አስጠኚዎች በሰዓት 20 ዶላር፣ ዝግጅቱን ጨምሮ በቀን አራት ሰዓት — 23,040
አንድ አስተባባሪ በሰዓት 30 ዶላር፣ በሳምንት 20 ሰዓት፣ ለ40 ሳምንት — 24,000
አሠሪው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር፣ 7.65 ከመቶ ገደማ — 3,600
መጻሕፍትና ቍሳቍስ፣ ለአንድ ልጅ 100 ዶላር — 2,500
መድን — 1,500
የሒሳብ አያያዝ — 2,400
የወንጀል መዝገብ ማጣሪያና ሥልጠና — 960
ድምር — 58,000 ዶላር

ይህን ለ25 ብናካፍለው ለአንድ ልጅ በዓመት 2,320 ዶላር ይደርሳል። ልጆቹ ሁሉ ሳይቀሩ ቢመጡ አገልግሎቱ 10,800 ሰዓት ስለሚሆን፣ የአንድ ልጅ አንድ ሰዓት 5 ዶላር ከ37 ሳንቲም ያህል ይፈጃል። ለጋሽ ሁሉ ይህን ቍጥር በልቡ ያሰላል፤ እናንተ ቀድማችሁ ብታሰሉት ይሻላል። የግብሩን፣ የመድኑንና የሒሳብ ሠራተኛውን ወጪ አሳንሶ ማሳየት ትሕትና አይደለም። በዓመቱ አጋማሽ የሚከፈለው ሲጠፋ የሚጐዱት ልጆቹና አስጠኚዎቹ ናቸው።

፭. የሚንኳኩ በሮች

የመጀመሪያው በር የአካባቢ ፋውንዴሽን ነው። በአንድ ከተማ ወይም ወረዳ ነዋሪዎች ስጦታ የሚቋቋም ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ1914 በክሊቭላንድ ተመሠረተ፤ ዛሬ በአብዛኞቹ ትላልቅ ከተሞች ይገኛል። ለአዲስና ለትንሽ ሥራ ከሌሎቹ ይልቅ የሚቀርበው ይህ ነው።

ሁለተኛው በር የቤተሰብና የግል ፋውንዴሽን ነው። ሕጉ እነዚህ በየዓመቱ ከሀብታቸው ከመቶ አምስት ያህሉን ለበጎ ሥራ እንዲያወጡ ያስገድዳቸዋል። በየዓመቱም ፎርም 990 ፒ ኤፍ የሚባለውን መግለጫ ያቀርባሉ፤ መግለጫው ለሕዝብ ክፍት ነው። በውስጡ ለማን ስንት እንደሰጡ ይዘረዘራል፤ ቀድመው ለመረጧቸው ድርጅቶች ብቻ የሚሰጡ መሆናቸውንም በአንድ ምልክት ያሳያሉ። ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ፎርም አንብቡ። ምልክቱ ካለ ድካማችሁን ወደ ሌላ በር አዙሩ። ከሰጧቸው ስጦታዎች ትልቁ 5,000 ዶላር ከሆነም 50,000 አትለምኑ።

ሦስተኛው በር የመንግሥት ነው። ለዚህ አገልግሎት ተለይቶ የተመደበው ትልቁ የፌዴራል ገንዘብ የሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን የማኅበረሰብ የትምህርት ማእከሎች ፕሮግራም ይባላል። በ1994 በሕግ ተፈቀደ፤ በ1998 በ40 ሚሊዮን ዶላር ተስፋፋ፤ በ2024 ወደ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተመድቦለት ነበር። በ2002 ከተፈረመው ሕግ ወዲህ ገንዘቡ በየግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት በኩል በውድድር ይሰጣል። የሃይማኖት ድርጅቶችም መወዳደር ይችላሉ። አንዱ ሽልማት ከ50,000 ዶላር አያንስም፤ ዘመኑም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። ሕጉ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ትምህርት ቤቶች ልጆች ለሚያገለግሉ፣ በተለይም የትምህርት አስተዳደሩና የአካባቢ ድርጅት በአንድነት ላቀረቡት ማመልከቻ ቅድሚያ ይሰጣል። ስለዚህ ለአንድ ትንሽ ጉባኤ ጥበብ የሚሆነው ከትምህርት ቤቱ ጋር ተባብሮ መግባት ነው። ርእሰ መምህሩን አስቀድሞ ማነጋገር የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

አራተኛው በር የምግብ ነው። የፌዴራሉ የልጆችና የአዋቂዎች ምግብ ፕሮግራም ከትምህርት በኋላ ለሚሰበሰቡ እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን አንድ መክሰስና አንድ ምግብ ወጪ ይተካል። በ2010 በወጣው ሕግ ምግቡ በሁሉም ግዛቶች ተፈቅዷል። ቦታው ከተማሪዎቹ ቢያንስ ግማሹ በነጻ ወይም በቅናሽ ለመመገብ ብቁ በሆኑበት ትምህርት ቤት ክልል ውስጥ መገኘት አለበት፤ ዘወትር የሚሰጥ የትምህርት ፕሮግራምም ያስፈልጋል። ትንሽ ጉባኤ በራሱ መግባት ቢከብደው በሌላ ስፖንሰር ድርጅት ሥር ሊገባ ይችላል።

ከእነዚህ ሌላ የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች፣ የአካባቢ ባንኮች፣ የኢትዮጵያውያን ንግድ ቤቶችም አሉ። የጉባኤው የራሱ መባ ግን ከሁሉ መቅደም አለበት፤ የራሱ ሰዎች ያልሰጡበትን ሥራ ሌላው እንዲሰጥበት መጠየቅ አስቸጋሪ ነው።

፮. የገንዘቡን ቃል ኪዳን ቍጠሩ

እያንዳንዱ ገንዘብ ከግዴታ ጋር ይመጣል። ከመፈረም በፊት ግዴታው ይነበብ።

አንደኛ፣ በቀጥታ ከመንግሥት የተሰጠ ገንዘብ ለጸሎት፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ወይም ለስብከት ሊውል አይችልም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ስሟን፣ መስቀሏንና የቦርድ አመራሯን ይዛ መቀጠል ትችላለች፤ መንፈሳዊው ፕሮግራም ግን በሰዓት ወይም በቦታ የተለየ፣ በፈቃደኝነትም ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት። ልጅ በሃይማኖቱ ምክንያት አይመለስም። አንዳንዱ፣ «ዝም ብለን እናስተምር፤ ማን ያየናል?» ይል ይሆናል። ይህ ለወንጌል ነውር ነው። በማታለል የተከፈለበት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ለልጁ ምን ያስተምረዋል? ጉባኤው ወንጌሉንና ጥናቱን በአንድ ሰዓት አጣምሮ ለመስጠት ከወሰነ፣ የመንግሥቱን ገንዘብ ትቶ በራሱ መባና ይህን በሚፈቅዱ የግል ለጋሾች ይሥራ። ሁለቱም መንገድ የተከበረ ነው፤ ምርጫው ግን በግልጽና አስቀድሞ ይደረግ።

ሁለተኛ፣ ብዙው የመንግሥት ገንዘብ፣ የምግቡም ጭምር፣ የሚከፈለው ካወጣችሁ በኋላ በደረሰኝ ነው። ቢያንስ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ሳይኖር መጀመር አደገኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም በር ሊዘጋ ይችላል። በጁላይ 2025 የፌዴራሉ መንግሥት ከላይ የተጠቀሰውን የሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ማእከሎች ገንዘብ በተለመደው ቀን ሳይለቅ ይዞት ቈየ። ገንዘቡ በዚያው ወር ውስጥ ተለቀቀ፤ ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት በመላ አገሪቱ ያሉ ፕሮግራሞች በመስከረም ይከፈቱ እንደሆነ ሳያውቁ ቈዩ። ስለዚህ ከአንድ ምንጭ የሚመጣው ከጠቅላላው ግማሽ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ መልካም ነው። በምሳሌያችን ጉባኤው 14,000፣ ወላጆች 2,000፣ የአካባቢው ፋውንዴሽን 15,000፣ ከተማው 27,000 ቢሰጡ 58,000 ይሞላል፤ ከተማው ቢቀር እንኳ ቀናቱን ቀንሶ የልጆቹን በር ክፍት ማቈየት ይቻላል።

፯. ተቀብሎ መልስ መስጠት

ዕዝራ ብሩንና ወርቁን ለአሥራ ሁለት ካህናት በሚዛን አስረከበ፤ ኢየሩሳሌምም በደረሱ ጊዜ በሚዛንና በቍጥር ተረክቦ ክብደቱ ሁሉ ተጻፈ። እነዚያ ካህናት ቅዱሳን ነበሩ፤ ቢሆንም ተመዘነባቸው። ጳውሎስም የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን አልያዘም፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይኖር ጓደኞች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ። ሒሳብ የሚጠየቅ ወንድም አልታመነም ማለት አይደለም። እንዲያውም ስሙ የሚጠበቀው በዚህ ነው።

ስለዚህ ደረሰኝ በዕለቱ ይቀመጥ፤ የልጆች መገኛ በየቀኑ ይፈረም፤ ሪፖርት ከቀጠሮው ቀን አይለፍ። ያልተሳካው ነገርም በሪፖርቱ ይጻፍ። 25 ልጆች ታቅዶ 17 ከመጡ፣ 17 ተብሎ ይጻፍና ምክንያቱ ይገለጽ። ማመልከቻው ሳይቀበሉት ቢቀሩ የገምጋሚዎቹን አስተያየት በትሕትና ጠይቁ፤ ያንኑ አርማችሁ በሚቀጥለው ዓመት አቅርቡ።

ነህምያ በምዕራፍ 3 የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስምና የሠራበትን ቦታ ጽፎ አስቀምጦልናል። እኛም የምንጽፈው እያንዳንዱ መስመር አንድ ልጅ ነው። በከሰዓት በኋላ ብቻውን በሩን ከፍቶ የሚገባውን ያን ልጅ እያሰብን እንቍጠር፤ ቈጥረንም እንለምን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከጉባኤያችንና ከአካባቢያችን ከትምህርት በኋላ ብቻቸውን የሚቈዩ ልጆች ስንት ናቸው? ይህን የሚያጣራው ማነው? እስከ መቼ?

2. ገንዘብ ሳንጠብቅ በሚቀጥለው ወር ልንጀምረው የምንችለው ምንድን ነው?

3. በክፍል ፫ ከተዘረዘሩት ወረቀቶች የጎደሉን የትኞቹ ናቸው?

4. የመንግሥት ገንዘብ ብንወስድ መንፈሳዊ ትምህርቱን በየትኛው ሰዓትና ቦታ እናደርጋለን? ይህን ማድረግ ካልቻልን ምን እንወስናለን?

5. ትልቁ ለጋሻችን ነገ ቢያቆም ልጆቹ ምን ይሆናሉ?

ለጸሎት፦ ብቻቸውን ስለሚቈዩ ልጆች፤ ሌሊትና ቀን ስለሚደክሙ ወላጆች፤ ከልጆች ጋር ስለሚሠሩ አስጠኚዎች ታማኝነት፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ ስለሚያገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች።